ሣር ይዞ የተነገረ ቃል

ወንድሜ ወንዳፍራሽ ስሙንና ሥራውን ሳያስታርቅ የሞተ ሰው ነው። አባታችን ወንድ እንዲያፈርስ ብሎ ስም አወጣለት፤ እሱ ግን ዕድሜውን ሙሉ የፈረሰ ወንድ ሲያነሳ ኖረ። ቡራዩ ላይ፣ ከአምቦ መንገድ ዝቅ ብሎ ባለው ቤታችን፣ ጠዋት በሩን ስከፍት ደጃፉ ላይ የታሳሪ እናት ወይም ሚስት ተቀምጣ የማላገኝበት ቀን ጥቂት ነበር። እኔ አረጋሽ ታናሽ እህቱ ነኝ። ባሌ ሲሞት ጓዜን ጠቅልዬ እሱ ዘንድ ገባሁ፤ እሱም ሳያገባ ስለቀረ ቤቱን እኔ ያዝኩት። ጋሼ እለዋለሁ። አገሬው ጠበቃው ይለዋል። የምነግራችሁ በሃምሳዎቹ መጨረሻ፣ ጃንሆይ ገና በዙፋናቸው ሳሉ የሆነውን ነው።

ጋሼ ሕልመኛ ነበር። ስድብ መስሎ ከተሰማ ይሰማ፣ እውነት ነው። ምሳውን በልቶ ወንበሩን ጓሮ ካሉት ባሕር ዛፎች ሥር ያወጣና ዓይኑን ይከድናል። ቅጠሉ ከላይ ይሾከሾካል፣ ፀሐይዋ በቅጠሉ መሐል እየተንጠባጠበች ፊቱ ላይ ትጫወታለች፣ እሱም ማውራት ይጀምራል። ቀኑን ሙሉ ሰውን "ዝም በል፣ አፍህ የራስህ ነው" እያለ ሲመክር የዋለ ሰው እንቅልፍ ሲወስደው የሆዱን ሁሉ ይዘረግፈዋል። ዳኛው ያሉትን፣ ምስክሩ የሸሸገውን፣ ታሳሪው በጆሮው የነገረውን፣ ሁሉንም። እኔ አጠገቡ ስንዴ እየለቀምኩ እሰማለሁ። ከሰማሁት አንዲት ቃል ለሰው አውጥቼ አላውቅም። ጎረቤቶቼ ግን ከሰዓት በኋላ ወደ ጓሮ ስለማላስገባቸው ወርቅ የቀበርኩ ይመስላቸው ነበር።

"አፍህ የራስህ ነው" የምትለዋን ነገር ከየት እንዳመጣት አውቃለሁ። ትውልዳችን መንዝ ነው። ጋሼ ልጅ እያለ አገራችን ላይ አንድ በሬ ጠፋና አውጫጭኝ ተጠራ። ደንቡ የታወቀ ነው፤ አገሬው ሜዳ ላይ ተሰብስቦ ሌባው እስኪነገር ድረስ ማንም ወደ ቤቱ አይመለስም። ረሃቡና ፀሐዩ ሲበረታ ሰው ሁሉ ወደ አባታችን ማየት ጀመረ፤ ከሌላ ቀበሌ የመጣ እሱ ብቻ ነበርና። አባታችንም ዝም ማለት ሲገባው ደነገጠና ተናገረ። በተናገረ ቁጥር ተጠላለፈ፣ በተጠላለፈ ቁጥር ደግሞ ጨመረ። ሜዳው ሲፈታ ሌባው እሱ ሆኖ ቀረ። በሬው በኋላ ገደል ገብቶ ተገኘ፤ አባታችን ግን ከዚያ ወዲያ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር የሰማ የለም። ቤታችን ውስጥ እንደ እንግዳ ሆኖ ኖረና ሞተ። ይህን ሳስብ አሁንም እናደዳለሁ።

ጋሼ መጀመሪያ የፍርድ ቤት ጸሐፊ፣ ቀጥሎ ነገረ ፈጅ፣ አዲሱ ሕግ ሲወጣ ደግሞ ፈቃድ ያለው ጠበቃ ሆነ። የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓቱን መጽሐፍ ጥራዙ እስኪላቀቅ አነበበው። ሰበታም ሱሉልታም ሰው ተያዘ ሲባል በቅሎውን ጭኖ ይሄዳል፤ ጣቢያው ደርሶ ከታሳሪው አጠገብ መሬት ላይ ይቀመጣል፤ ከሰላምታም በፊት ያቺኑ ነገር ይላታል። ታሳሪው ኦሮሞ ከሆነ "አፋን ኬ ከን ኬ ቲ" ይለዋል። ኦሮምኛው መንዝ መንዝ ስለሚል ሴቶቹ አፋቸውን ይዘው ይስቁበት ነበር። የተያዘው ሰው ግን አይስቅም። ከተያዘ ጀምሮ "ተናገር" ያላለው ሰው እሱ ብቻ ነው።

አሁን ወደ መገርሳ ልምጣ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ገፈርሳ ውሃው ላይ ጉም ይተኛል። አንዳንድ ጠዋት ውሃውና ሰማዩ አይለይም፤ ላሞቹ በአየር ላይ የሚሄዱ ይመስላሉ። በእንዲህ ያለ ጠዋት ዱቤ የሚባል ገበሬ ውሃው ዳር ራሱ ተፈንክቶ ሞቶ ተገኘ። ተንሸራትቶ ድንጋይ መትቶት ይሁን፣ ሰው መትቶት ይሁን ያየ የለም። ሰው ያየው ከአንድ ቀን በፊት ከጎረቤቱ ከመገርሳ ጋር በከብት ማጠጫው ቦታ ሲጣሉ ነው። ያ በቃ። የዱቤ ወንድሞች ጦር አነሱ፤ የመገርሳም ዘመዶች በየቤታቸው ጦር መሳል ጀመሩ።

እዚያ አገር ደም እንዳይቀጥል ሽማግሌ ይገባል። የሽማግሎቹ አለቃ ኦቦ ሞቱማ ነበሩ፤ ጥርጣሬ የወደቀበት ቤት ደሙን ይቀበል አሉ። ሥርዓቱ እንዲህ ነው፦ ከዚያ ቤት አንድ ሰው ይቆምና እርጥብ ሣር በእጁ ይዞ ደሙ የእኔ ነው ይላል። የሟች ቤት ሣሩን ይቀበለዋል። ጉማው፣ የደም ካሳው፣ ይከፈላል፤ ጦሩ ይወርዳል፤ የሁለቱም ቤት ልጆች ያለ ፍርሃት ውሃ ይቀዳሉ። ሣር ይዞ የተነገረ ቃል አይታጠፍም። የመገርሳ አባት ሞተዋል፣ ወንድም የለውም። ስለዚህ ራሱ ተነሣና ሰርዶውን በሁለት እጁ ይዞ "የዱቤ ደም በእጄ ነው" አለ። የዱቤ ሚስት ገለቴ ሣሩን ተቀበለችው። ሰው ሁሉ እፎይ አለ።

ለዕርቁ ከተጋበዙት መሐል የፖሊስ ጣቢያው አምሳ አለቃ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የሰማውን ሰማ። በነጋታው መጥቶ መገርሳን አሰረው። ሽማግሎቹ አስታርቀን ስናበቃ ምን ማለት ነው ብለው ቢጮሁ፣ ሰው ገደልኩ ያለን ሰው ምን ላድርገው አላቸው። በሕጉ ዓይን ነገሩ ግልጽ ነበር። ሰው ተገድሏል፣ ገዳዩም በአገር ሁሉ ፊት አምኗል። ቅጣቱ ስቅላት ሊሆን ይችላል።

የመገርሳ እናት ወርቅቱ በማግስቱ ደጃፋችን ላይ ነበረች። ያን ቀን ጠዋት ልጄ ከእኔ ጋር ላም ሲያዋልድ ነበር፣ እጁ እስከ ክርኑ የላም ደም ነበር፣ የሰው ደም አልነበረም እያለች አለቀሰች። ጋሼ አመናት። እኔም አመንኳት። ግን ለልጇ የማትምል እናት የት አለች፤ የእናት ቃል ብቻውን የትም እንደማያደርስ ሦስታችንም እናውቅ ነበር።

ጋሼ እስር ቤት ሄዶ ሲመለስ ፊቱ ጠቁሮ ነበር። መገርሳ አልገደልኩም ብሎ ነግሮታል። ፍርድ ቤት ቆመህ ይህንኑ በል ሲለው ግን እምቢ አለ። ያለውን ጋሼ ቃል በቃል ነገረኝ።

"አልገደልኩም ጌታዬ። ለእርስዎ እነግርዎታለሁ። ፍርድ ቤት ቆሜ ግን አልልም። ሣር ይዤ ያልኩትን ብክድ ዕርቁ ይፈርሳል። ያን ጊዜ እኔ ብቻ አይደለሁም የምሞተው።"

ምን ዓይነት ሞኝ ነው ብዬ ጮህኩ። ጋሼ ሞኝ አይደለም አለኝና ምሳውን ሳይነካ ወንበሩን ይዞ ወደ ጓሮ ወጣ። ተከትዬው ወጣሁ። ዓይኑን ከደነ። ነፋሱ ባሕር ዛፉን ወዲህና ወዲያ ሲያደርገው የጋሼም ራስ አብሮ ይወዛወዝ ነበር። ከዚያ በሕልሙ "ሣሩን አትርገጡ" አለ። ቀስ ብሎ፣ እንደሚለምን ሰው። "ወለሉ ላይ በቅሏል። ዳኞቹ ይዙሩ እንጂ አትርገጡት።"

ሲነቃ ያየውን ጠየቅሁት። የፍርድ ቤቱ ወለል ላይ ሣር በቅሎ አየሁ፣ ችሎቱ ውስጥ ውሃ ይሸታል፣ ጉም ከመስኮቱ ይገባል አለኝ። እንዲህ እያለ ሳለ በድንገት ተነሥቶ ወደ ቤት ገባ። ስከተለው ያንን ጥራዙ የተላቀቀ መጽሐፍ ይገልጣል። ጣቱን አንድ ቦታ ላይ አሳረፈና እንደ ሕፃን ሳቀ። ሕጉ ተከሳሽ አጥፍተሃል ወይ ተብሎ ሲጠየቅ ዝም ካለ እንደ ካደ ይቆጠራል ይላል። መገርሳ መካድ የለበትም። ዝም ማለት ብቻ ነው ያለበት። ዝም ሲል ለሽማግሎቹ ቃሉን አላጠፈም፣ ለዳኞቹም አላመነም። ዕድሜዬን ሙሉ ይህችን ዝምታ ስሰብክ ኖሬ ለምን እንደተሠራች ዛሬ ገባኝ አለኝ።

ዝምታው ግን መገርሳን ከመካድ ያድነዋል እንጂ ከገመድ አያድነውም። በዕርቁ ላይ የተናገረው እዚያው አለ፤ ሽማግሎቹም ይመሰክራሉ። ያ ቃል የዕርቅ ቃል እንጂ የእምነት ቃል እንዳልሆነ የሚናገር ሰው ያስፈልጋል። የቃሉ ባለቤት ደግሞ ሣሩን የተቀበለችው ናት።

ገለቴ ዘንድ ስንሄድ ሴት ብቻዋን ያለችበት ቤት ስለሆነ እኔም አብሬ ሄድኩ። መንገዱን ጉም ውጦት በቅሎዋ እየቀደመች እኛ ድምፅዋን ነበር የምንከተለው። ገለቴ ወጣት ናት፣ ፊቷ ላይ ገና ልጅነት አለ። ልጆቿ ቀሚሷን ይዘው ከኋላዋ ቆመዋል። ጋሼ አካም ጅርቱ ብሎ ቁጭ አለና በዚያው በመንዝ ኦሮምኛው ነገሩን ሁሉ አስረዳት። አላባበላትም፣ አላማረረባትም። ምስክር አድርጌ እጠራሻለሁ፣ መምጣት ግን ያንቺ ነው፤ ብትመጪም የምትይው ያንቺ ነው አላት። ቀጥሎም "አፋን ኬ ከን ኬ ቲ" አላት። ገለቴ ውሃውን ስታይ ቆየች። ስንነሳ እንኳ አንድ ቃል አልመለሰችም።

እኔ በመንገድ ላይ አላስቀመጥኩትም። የሰው ነፍስ ገመድ ላይ ተንጠልጥላ ለዚች ሴት እንኳ ምክርህን ትተህ ብትለምናት ምን ነበረበት አልኩት። ባሏ የሞተባትን ሴት ተናገሪ ብዬ ካስገደድኳት አባታችንን ካስለፈለፉት ከመንዝ ሜዳ ሰዎች በምን እሻላለሁ አለኝ። ቤት እስክንደርስ አኮረፍኩ።

ችሎቱ አዲስ አበባ ነበር። እኔም ወርቅቱም ከኋላ ተቀመጥን። መገርሳ እጁን አጣምሮ ቆመ፤ ጠየቁት፣ ዝም አለ። በአስተርጓሚ ጠየቁት፣ ዝም አለ። የመሐል ዳኛው እንደ ካደ ይመዝገብ አሉ፤ ጋሼ በረጅሙ ተነፈሰ።

ቀጥሎ ዐቃቤ ሕጉ ኦቦ ሞቱማን አስቀረበ። ሽማግሌው በፈጣሪ ምለዋልና የሰሙትን አልሸሸጉም፤ አዎ ብሏል አሉ። የመስቀለኛ ጥያቄው ተራ የጋሼ ሆነ። ጋሼ ያን ቀን ተሳሳተ። የሽማግሌውን ሥርዓት ያወቀ መስሎት ነበር።

"ኦቦ ሞቱማ፣ ይህን ሲናገር በእጁ ምን ይዞ ነበር?"

"ሣር።"

"ሣር የዕርቅ ምልክት ነው። እንግዲህ ለዕርቅ ሲል ያላደረገውንም ሊናገር ይችላል ማለት ነው?"

ኦቦ ሞቱማ እንደ ተሰደቡ ሁሉ ቀና አሉ። "ሣር ይዞ የተናገረ ሰው አይዋሽም" አሉ።

ሽማግሌው መገርሳን ሊጎዱ ፈልገው አልነበረም። ለእርሳቸው ያ ቃል እውነት ነው፣ ምክንያቱም ጦር አውርዷል። ጦር ያወረደ ቃል ውሸት ነው ብሎ መናገር ደግሞ ጦሩን እንደገና ማንሣት ነው። ይህ ሁሉ ግን ለዳኞቹ አይገባቸውም፤ ዐቃቤ ሕጉም ብዕሩን አስቀምጦ ወደ ኋላ ተደገፈ። ጋሼ ከወንበሩ አጠገብ ቆሞ ቀረ። ዓይኑ ፈዘዘ፤ ወለሉን ያያል። እንዳይተኛ ፈራሁ። ወርቅቱ እጄን ይዛ ጨመቀችው።

የመከላከያ ምስክር ተባለ። የገለቴ ስም ተጠራ። ማንም አልተነሳም። ሁለተኛ ተጠራ። ያን ጊዜ በሩ ተከፈተና ገባች። ልጆቿን ለሰው ትታ ከሌሊቱ ጀምሮ በእግሯ መጥታ እግሯ እስከ ባቷ ጭቃ ነው። በእጇ ሰርዶ ይዛለች። ከገፈርሳ ዳር የነቀለችው ነው፤ ሥሩ ጭቃ እንደያዘ ነው። ዘበኛው ይህን አስቀምጪ ቢላት አልሰማችውም። ችሎቱ ውስጥ የውሃ ሽታ ገባ። ጋሼ ቀና ብሎ አያት፤ ፊቱን አይቼ ሕልሙን እንዳስታወሰ ገባኝ።

ጋሼ የሚጠይቃት ብዙ ነገር አሰናድቶ ነበር። ሁሉንም ተወውና የምትነግሪን ነገር ካለ ተናገሪ አላት። አስተርጓሚው የተረጎመውን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

"ጦር ተነሥቶ ነበር። መገርሳ ቃሉን የሰጠው ልጆቼ በደም መሐል እንዳያድጉ ነው። የሰጠው ለእኔ ነው። ለመንግሥት አልሰጠም፣ ለአምሳ አለቃውም አልሰጠም። ኦቦ ሞቱማ እውነታቸውን ነው፣ ሣር ይዞ የተናገረ አይዋሽም፤ የተቀበለው ሰው ግን መመለስ ይችላል። ዕርቁ ይቆይ። ቃሉን መልሼለታለሁ።"

ይህን ብላ ሣሩን መገርሳ እግር ሥር አስቀመጠችው። መገርሳ ከተያዘ ጀምሮ አላለቀሰም ነበር፤ ያን ጊዜ አለቀሰ። ኦቦ ሞቱማ ከምስክሮቹ መቀመጫ ላይ ሆነው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሥርዓቱን ከእርሳቸው በላይ ያወቀ ሰው ሲያጋጥማቸው የመጀመሪያቸው ሳይሆን አልቀረም።

የመሐል ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ። ታዲያ ባልሽን ማን ገደለው ብለው ጠየቋት። ገለቴ ይህን ጥያቄ አስባበት የመጣች ይመስለኛል፤ ሳትቸኩል መለሰች።

"አላውቅም። እስከ ዛሬ አውቃለሁ ብዬ እተኛ ነበር። ከእንግዲህ ሳላውቅ እተኛለሁ።"

ዐቃቤ ሕጉ ከዕርቁ ቃል ሌላ ማስረጃ አልነበረውም። የዕርቅ ቃል በነፃ ፈቃድ የተሰጠ የእምነት ቃል ነው ለማለት አይቻልም ተባለ፤ መገርሳ ተፈታ። ዳኞቹ ሲወጡ ሣሩ መንገዳቸው ላይ ነበር። የመሐል ዳኛው አየት አደረጉትና ዞረው አለፉ፤ ሁለቱ ዳኞችም ተከተሏቸው። ጋሼ ክንዴን ያዘኝ። አየሽ ወይ አላለኝም፤ አይቻለሁ።

የዱቤ ወንድሞች ጦር ያነሳሉ ብለን ፈርተን ነበር። አላነሱም። ገለቴ ዕርቁ ይቆይ ካለች ማን ያነሳል።

ቤት ስንገባ ለጋሼ ደስ ይበለው ብዬ የሚወደውን ዱለት ሠራሁለት። ሁለት ጊዜ ጎረሰና ተወው። ለመገርሳ ሕጉ ቆመለት፣ እኔም ቆምኩለት፣ ለገለቴስ ማን ቆመላት አለኝ። ያን ቀን ከሰዓት ተኛ፤ አላወራም። ከዚያ ወዲህም ሲተኛ የመገርሳን ነገር አንሥቶ አያውቅም፤ የሌላውን ሁሉ ግን ያወራል። በገበያ ቀን ገለቴ በደጃችን ስታልፍ ግን የትም ቢሆን ከተቀመጠበት ይነሣላት ነበር። ከጎረቤት ሴቶች አንዳንዶቹ ጠበቃው ሊያገባት ነው ብለው አወሩ። ሐሜት ሥራ ይፈታል እንዴ።

በቀጣዩ ዓመት ዝናቡ ሲጀምር ለጋሼ ሥራ ወደዚያ ስናልፍ የገለቴ ማሳ ላይ ሰው ሲያርስ አየን። ጉሙ ገና አልተነሣም፤ መጀመሪያ በሬዎቹ ብቻ ታዩን፣ ቀጥሎ ሞፈሩ፣ ከኋላ ሰውየው። መገርሳ ነበር። የራሱ ማሳ ከማዶ ጦሙን አድሯል። ጋሼ በቅሎዋን አቆመና ለረጅም ጊዜ አየው። ጠይቀው አልኩት። አፉ የራሱ ነው አለኝና በቅሎዋን ነዳ። በዓመቱም እንዲሁ ሆነ፤ በሌላውም። የገለቴ ማሳ ሳይታረስ መገርሳ ወደ ራሱ እርሻ አይሄድም።

ጋሼ የሞተው ወንበሩ ላይ፣ ባሕር ዛፎቹ ሥር ነው። እያወራ ነበር፤ ስንዴዬን አስቀምጬ ስጠጋው ዝም አለ። ጃንሆይ ከመውረዳቸው ጥቂት ቀደም ብሎ ነበር። ቀብሩ ላይ ሰበታም ሱሉልታም ያሉ የድሮ ታሳሪዎች መጡ፤ ሲያለቅሱ አብዛኞቹ ድምፅ አልነበራቸውም። እሱ ያስተማራቸው ነገር በዚህም ተጣብቋቸው ይሆናል ብዬ በኀዘኔ መሐል ሳቅ አመለጠኝ።

እኔ እንደ ጋሼ አይደለሁም። ክረምቱ ሲገባ ገፈርሳ ሄድኩና መገርሳን የገለቴ ማሳ ላይ አገኘሁት። ያው ጉም፣ ያው በሬዎች። ገለቴ ከማዶ ዘር ታሰናዳለች። ያልገደልከውን ሰው እርሻ እስከ መቼ ነው የምታርሰው አልኩት። ቃሉን መልሳልሃለች፤ ምንም የለብህም።

መገርሳ በሬዎቹን አቆመ። እጁን አየ፤ ጭቃ ነው።

"ቃሉን መለሰችልኝ፣ እትዬ አረጋሽ። ዕርቁን ግን አልመለሰችም" አለኝ።

ከዚያ በሬዎቹን አዞረና ወደ ጉሙ ገባ።